ቱሉ ዲምቱ ያለው የደረት ክሊኒክ፣ አባዬ ለሳንባ ሌዘር ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ (ረጅም ሪቪው ነው)

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ዶክተሩ ራሱ «የኔን ስም እንዳታነሺ» ብሎኛል። የኛ ሰፈር ሰው ግን ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትገቡ ከስሩ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለበት ፎቅ ላይ ያለው የደረት ክሊኒክ ስል ወዲያው ይገባዋል። አባዬ ታክሞ ሲመለስ እጽፋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር ይኸው ሰባት ወር ሆነው፣ ሰሞኑን ደሞ ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር ስለ ሌዘሩ ጠየቁኝ እና አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ይረዝማል፣ ቤታችሁ ሳንባውን የታመመ ሰው ካለ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አባዬ 66 ዓመቱ ነው። ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ ነው ያረጀው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለው ሲጋራ ያጨስ ነበር፣ የተወው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። አምና ክረምት ላይ ሳል ጀመረው፣ ከዛ ትንፋሽ ማጠር መጣ፣ ከዛ ማታ ማታ ደረቱ እንደ ፉጨት ይጮህ ጀመር። አንድ ቦታ ወሰድነው አስም ነው ብለው ፓፍ ሰጡት፣ ሦስት ወር ሙሉ ነፋው ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ አክታው ላይ ምንም ሳይገኝ የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩት። የነዚህን ቦታዎች ስም አልጠራም ግን ያ ጊዜ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

እዚህ ክሊኒክ የመጣነው ጎረቤታችን ስለመራችን ነው። የመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ ሸሚዙን አስወልቆ ቆይቶ ቆይቶ አዳመጠው፣ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ፣ ከዛ «አባባ ይሄ ፉጨት በቀኝ በኩል ብቻ ነው፣ አስም ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ነበር የምሰማው» አለና የዛኑ ቀን ሲቲ ስካን ጻፈልን። በቃ እሱ ሁለት ደቂቃ ነው አምስት ወር የጠፋብንን ነገር ያገኘው። ወደ ቀኝ ሳንባ የሚገባው ዋናው የአየር ቱቦ ውስጥ እብጠት በቅሎ መንገዱን ሊዘጋው ደርሷል፣ ክፍት የቀረው እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ነው ብሎ ፊልሙን አሳየን። ናሙና ተወሰደ፣ ስኳመስ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ሆነ፣ አጫሾች ላይ የሚበዛና ትልልቆቹ ቱቦዎች አካባቢ መብቀል የሚወድ ዓይነት ነው አሉን።

ሌዘር የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዛ ነው። እኔ ሌዘር ሲባል ካንሰሩን አቃጥሎ የሚጨርስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዶክተሩ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ወዲያው ነው ያረመኝ። «ሌዘሩ ካንሰሩን አያድንም። የተዘጋውን መንገድ ይከፍታል፣ አባባ እንዲተነፍሱ፣ ለጨረሩና ለኬሞው ጉልበት እንዲኖራቸው ነው» አለ። የሚሰራውም እብጠቱ ቱቦው ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው፣ ከውጭ ሆኖ ቱቦውን እየተጫነ የሚያጠበው ከሆነ ሌዘር የሚያቃጥለው ጤነኛውን ግድግዳ ይሆናል ማለት ነው። የአባዬ ውስጥ ስለነበር ይሆናል ተባለ። እዚህ አገር በጠየቅንባቸው ቦታዎች አላገኘነውም፣ ስለዚህ ደልሂ። እንግዲህ የሜዲካል ቦርዱ ወረቀት፣ ቪዛው፣ ዶላሩ፣ እሱን ያየ ያውቀዋል አልገባበትም።

አሁን ይሄን ሪቪው እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር ጋ ልምጣ። እኛ ጭንቅላታችን ውስጥ የነበረው «ጥሩ ማሽን ያለው ሆስፒታል ከተገኘ አለቀ» የሚል ነበር፣ አደጋው ያለው ሌዘሩ ላይ ነው ብለን። ዶክተሩ ግን ብዙው አደጋ የሚወሰነው ሌዘሩ ከመብራቱ በፊት ነው አለን፣ ታካሚው ምን ይዞ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚደነዝዝ። እና ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ስለዛ ብቻ ነው የጠየቀን።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የፌስታሉ ነው የምለው። «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ አባባ የሚውጡትንም የተዉትንም፣ የባህሉንም፣ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡልኝ» አለ። እኔ ዝርዝሩን በስልኬ ጽፌ ነበር፣ እሱ በቂ ነው አልኩት፣ «አይሆንም፣ ዕቃውን ነው የምፈልገው» አለ። እማዬ ከቁም ሳጥን፣ ከትራስ ስር፣ ከጃኬት ኪስ ሰብስባ ሰጠችኝ። የደም ግፊት ክኒን፣ የተረፈ አንቲባዮቲክ፣ የዓይን ጠብታ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር የተዘፈዘፈበት ብልቃጥ፣ ከታች ደግሞ ግማሽ የቀረ የክሎፒዶግሬል ካርድ። ዶክተሩ እሱን ብቻ አነሳና «ይሄ የማን ነው?» አለ። አባዬ ዝም አለ። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት አዳማ ላይ ደረቱን አሞት የልብ ነው ተብሎ ተሰጥቶት ኖሯል፣ እንዳንጨነቅ ብሎ አልነገረንም፣ ያመኛል ሲል ይውጠዋል። እኔ አብሬው የምኖር ልጁ አላውቅም!

ይሄ መድኃኒት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ሌዘር ተደርጎ ደም ቢፈስ ቦታው የአየር መንገድ ነው፣ ሌላ ቦታ እንደሚፈስ ደም አይደለም፣ ጥቂቱ ራሱ ትንፋሽ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ቀድሞ ይቆማል፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ወደ 5 ቀን ቀድሞ አቁሞ የደሙን መርጋት ያስለካል፣ አስፕሪን ግን ብዙውን ጊዜ አይቆምም። ዶክተሩ ግን በራሱ አቁሙት አላለንም፣ ይሄን ነው የወደድኩለት። «ልባቸው ላይ በቅርብ የገባ ቱቦ ካለ ማቆሙ ራሱ ሊገድል ይችላል» ብሎ ወደ ልብ ሐኪም ላከን፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተሰራ፣ ሁለቱ በስልክ ተነጋገሩና ቀኑ ተወሰነ። በቅርብ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠመው ሰው ቢሆን ኖሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ባይነካ ይመረጣል አለን። የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ሁሉንም አስለካ። ሌላም ጠየቀ፣ ከዚህ በፊት ደረታቸው ላይ ጨረር ወስደው ያውቃሉ? ቤቫሲዙማብ የሚባል መድኃኒት ወስደዋል? አልወሰደም ነበር ግን ለምን እንደሚጠይቅ ስጠይቀው ጨረር የነካው ቦታ ግድግዳው እንደሚሳሳ፣ ቤቫሲዙማብ ደግሞ ዕጢው የደም ስር እንዳያበቅል የሚከለክል ስለሆነ ቁስል መዳንን እንደሚያዘገይና ደም መፍሰስን እንደሚያመጣ አስረዳኝ። እናንተም ኬሞ ላይ ያለ ሰው ካላችሁ የመድኃኒቱን ስም በትክክል ጽፋችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ኮሪደሩ ላይ 6 ደቂቃ አስኬደው። ሲስተር ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን አድርጋ ከጎኑ አብራው ትሄዳለች፣ «አባባ ካቃተዎት ቁሙ፣ እልህ የለም እሺ» ትለዋለች። ተቀምጦ 91 ነበር፣ ሲጨርስ 84 ወረደ። እኔ 91 ራሱ አስደንግጦኝ ነበር፣ ግን አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ጤነኛው ሰውም ቆላ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላል አለችኝ። ከዛ ዶክተሩ የጠየቀው ጥያቄ እንደ ወሬ ነበር የመሰለኝ። ቀን ላይ ምን ያህሉን ሰዓት ተኝተው ነው የሚያሳልፉት? ራስዎ ይታጠባሉ? ጫማዎን ማን ያስርልዎታል? አባዬ «እኔው ነኝ» አለ፣ እማዬ ደግሞ ከኋላ በጭንቅላቷ አይደለም እያለች። ዶክተሩ ሁለቱንም አይቶ ጻፈ።

ለምን እንደሚጠይቅ በቁጥር ነው ያስረዳን። አሜሪካ ውስጥ 15 ማዕከሎች ላይ የተሰበሰበ መዝገብ አለ፣ በፈረንጆች 2015 የታተመ፣ በካንሰር ምክንያት ትልልቁ የአየር ቱቧቸው የተዘጋ 947 ሰዎች ላይ የተደረጉ 1,115 ህክምናዎች። ሌዘር ብቻ አይደለም፣ በካሜራ ገብቶ መንገድ የሚከፈትበት ዘዴ ሁሉ አለበት። እዛ ላይ ችግር ያጋጠመው 3.9 በመቶ ነው። ይሄን ሲል ተመስገን ትንሽ ነው አልኩኝ፣ ቀጠለና ማዕከሎቹ ግን እኩል አይደሉም አለ፣ አንዱ ጋ 0.9 በመቶ ሌላው ጋ 11.7 በመቶ። አደጋውን ከፍ አድርገው የተገኙት አራት ነገሮች ናቸው፣ ህክምናው በአስቸኳይ መደረጉ፣ የሰውየው አጠቃላይ ጤና የማደንዘዣ ሐኪሞች በሚሰጡት ኤኤስኤ የሚባል ደረጃ ከ3 በላይ መሆኑ፣ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረን መንገድ እንደገና መክፈት፣ እና ከፊል ማደንዘዣ።

በ30 ቀን ውስጥ ያረፉትስ ብዬ ጠየቅኩት፣ 14.8 በመቶ አለኝ ሳይደብቅ። በራሱ በህክምናው ምክንያት የሞቱት ግማሽ በመቶ አካባቢ ናቸው፣ ሌላው በሽታው የከፋ ስለነበር ነው። እዛ ላይ ነው እንግዲህ ጫማውን ማን ያስርለታል የሚለው ጥያቄ የሚገባው፣ አቅማቸው የወረደ ሰዎች ላይ ነው የ30 ቀኑ ሞት የበዛው። እማዬ ውጪ ነበረች ያኔ፣ ደግ ሆነ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ለቤተሰብ መንገር ጭካኔ ነው ይላል፣ እኔ ግን ባይነግረኝ ኖሮ በኋላ ይቅር አልለውም ነበር። ነግሮኝ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ ቀጣዩን ታካሚ አስጠበቀልኝ።

ስለ ማደንዘዣው ለብቻው ልጻፍ ምክንያቱም ቤተሰብ ሁሉ የሚሳሳትበት ይሄ ነው። አባዬ ሙሉ ማደንዘዣ በጣም ይፈራ ነበር፣ አንድ የድሮ ጓደኛው ተኝቶ አልነቃም ብሎ። አጎቴም ከአሜሪካ ደውሎ «ቀለል ባለው ይደረግለት፣ ሽማግሌ ነው» አለ፣ እኛም ተስማማን፣ ዶክተሩን ለመለመን ነው የሄድነው ማለት ይቻላል። ዶክተሩ ወረቀት አወጣና ቱቦውን ሳለልን። የሌዘሩ ብርሃን፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ኤንዲ ያግ የሚባለውን ነው፣ በዓይን አይታይም፣ ላዩን ብቻ ለብለብ አድርጎ አይቆምም ወደ ሥጋው ውስጥ እስከ ሚሊሜትሮች ይዘልቃል። ከቱቦው ግድግዳ ጀርባ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚሄደው ትልቁ ደም ስር አለ። ከፊል የደነዘዘ ሰው ያስላል፣ ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙ አነጣጥሮ እያለ አባባ ቢያስሉስ? አለን። በሙሉ ማደንዘዣ ሲሆን ደግሞ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ በጉሮሮ ይገባል፣ በሱ ውስጥ እያስተነፈሱት ነው የሚሰሩት፣ ደም ቢመጣም ሰፊ መምጠጫ ይገባል፣ ብረቱ ራሱ ቦታውን ተጭኖ ይይዛል። አባዬ ስዕሉን ብዙ አየው። ሹፌር አይደል፣ መንገድ በስዕል ይገባዋል። «እንግዲያ ልተኛ» አለ።

እና የጊዜው ነገር። አስቸኳይ ከሆነ አደጋው ይጨምራል ሲል እኔ መጀመሪያ የገባኝ «ስለዚህ አንቸኩል» ብዬ ነው። ተገላቢጦሽ ነው። ቀድመህ በተረጋጋ ጊዜ ካደረግከው በቀጠሮ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ቆሞ፣ ልቡ ታይቶ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ። ከዘገየህ አንድ ሌሊት መተንፈስ ያቅተዋል ያኔ ነው አስቸኳይ የሚሆነው፣ ክሎፒዶግሬሉ ደሙ ውስጥ እያለ ማለት ነው። ሌላም አለ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሱ በታች ያለው ሳንባ ተኮራምቶ ሳምንታት ከቆየ መንገዱ ቢከፈት እንኳ ሳንባው ላይነሳ ይችላል። ያ አስም ነው ተብሎ የነፋው ሦስት ወር እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቤተሰብ ውስጥ ክርክር ነበር፣ አክስቴ ጸበል ይቅደም ብላ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሁለት ሱባኤ። ዶክተሩ ጸበሉን አልከለከለም፣ «እንጦጦ ግን ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ እዚህ የሚያጥራቸው አየር እዛ ይብሳል፣ ጸበሉን ለእሳቸው እዚህ አምጡላቸው» አለ። አክስቴ በጀሪካን አመጣችለት፣ ማንም አልተቀየመም። አውሮፕላኑንም ፈርተን ነበር፣ እሱ ግን ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ነው የሚያዘው፣ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ከሚተነፍሱት ብዙ አይርቅም አለን፣ ለጥንቃቄ ኦክስጅን አጻፈልን። የሚያሰጋው መመለሻው ነው አለ፣ ከሌዘሩ በኋላ አየር ከሳንባው አፈትልኮ ደረቱ ውስጥ ተይዞ ከሆነ በረራ ላይ ይሰፋል፣ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ራጅ ሳያነሱ እንዳትሳፈሩ። ይሄን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈልኝ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ደብዳቤው ነው። ሁለት ገጽ፣ የሚወስደው፣ ያቆመው ከነቀኑ፣ የልቡ ውጤት፣ የተራመደበት ቁጥር፣ የሚሰጋበት ነገር። ደልሂ ያለው የማደንዘዣ ሐኪም አንብቦ ጨርሶ «ይሄን የጻፈው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ኩራት ተሰማኝ እውነት ለመናገር፣ ከኮዬ ነው አልኩት እሱ የት እንደሆነ ባያውቅም። እዛ ስላየሁት ነገር አጭር ልበል። ሌዘሩ ሲበራ የሚሰጡትን ኦክስጅን ከ40 በመቶ በታች ያደርጉታል፣ ኦክስጅን ከበዛ ቱቦው ውስጥ እሳት ሊነሳ ስለሚችል፣ ለዚህ ነው በዝቅተኛ ኦክስጅን መቆየት የማይችል ሰው አደጋው የሚበዛበት። የሚቀጣጠል የፕላስቲክ ቱቦ ወይ የሲሊኮን ስቴንት (መንገዱ እንዳይዘጋ ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ) አጠገብ አይተኩሱም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣ፣ ትንሽ ደም ነበረው ቆመ። በሦስተኛው ቀን የተቃጠለውን ቅርፊት ለማጽዳት እንደገና ገቡ። ስቴንት አላስፈለገውም። ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ «አየሩ ቀዘቀዘኝ» ነበር፣ ለወራት ያልገባበት ቦታ አየር ገብቶ ማለት ነው፣ አለቀስኩ።

ስንመለስ የክሊኒኩ ሌላው አገልግሎት ተጀመረ፣ እሱም ያስመሰግናቸዋል። በጥቁር ነጥብ የተሞላ አክታ ለቀናት ይወጣል አትደንግጡ የተቃጠለው ቅርፊት ነው፣ ግን ትኩስ ቀይ ደም ከአንድ ሾርባ ማንኪያ ካለፈ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ደረት ላይ ድንገት የሚወጋ ሕመም ከነትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ ብለው ጽፈው ሰጡን፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያዘጋጅ በመብራት የሚሰራ ማሽን) በወር አከራዩን። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ስለሚቆም ትንሽ ሲሊንደርም ጨመሩልን፣ ኮዬ የሚኖር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሲስተር ቤት ድረስ መጥታ ክፍሉን አየችው። እማዬ እንደ ወጉ ቡና አቅርባ፣ ከሰሉ ነዶ፣ እጣኑ እየጨሰ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ነው የጠበቀቻት። ሲስተር ቁጭ እንኳ ሳትል ማሽኑን አጠፋችው። «እማማ በጣም አዝናለሁ፣ ይሄ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ከሰልም ጧፍም እጣንም አይቻልም፣ ለእሳቱም ነው፣ ጭሱም ያንን የቆሰለ ቱቦ ይቆጠቁጠዋል» አለች። እማዬ ከፋት፣ ቡና ያለ እጣን፣ እንግዳ ቤት መጥቶ፣ ምን ይባላል። ሲስተር ረከቦቱን ራሷ አንስታ ወደ ጎረቤት ቤት ይዛው ሄደች፣ እዛ ቁጭ ብላ ሦስተኛውን እስክትጠጣ አልተነሳችም። ከዛ ወዲህ የኛ ቤት ቡና ጎረቤት ነው የሚፈላው፣ አባዬ ስኒው ይመጣለታል። እንዲህ ያለ ነገር ደረሰኝ ላይ አይጻፍም ግን እኔ ለዚህ ነው ክሊኒኩን የማልለቀው።

ያልወደድኩትንም ልናገር፣ ሪቪው ነው። አንደኛ፣ የደረት ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለም! ትንፋሽ ያጠረው ሰው 38 ደረጃ ይወጣል፣ ቆጥሬዋለሁ፣ አባዬ መሀል ላይ ሁለቴ ይቀመጥ ነበር። መካከለኛው ደረጃ ላይ ወንበር አድርጉ ብዬ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፣ አሁን አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ አይበቃም፣ ከስር አንድ ክፍል መከራየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ወረፋው። ቀጠሮ 3 ሰዓት ተብሎ 6 ሰዓት የገባንበት ቀን አለ፣ ዶክተሩ አንዱን ሰው አንድ ሰዓት ስለሚያየው ነው ይገባኛል፣ እንግዲያ ቁጥሩን ቀንሱ። ሦስተኛውና ያናደደኝ፣ ከተመለስን በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት አባዬ ደም አሳለው፣ የሰጡን ስልክ ጠራ ጠራ ማንም አላነሳም። በወረቀቱ መሠረት ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በራሱ ቆመ። በማግስቱ ዶክተሩን ፊት ለፊት ነገርኩት፣ አልተከራከረኝም፣ ስልኩ ሪሴፕሽን መሳቢያ ውስጥ ነበር ያደረው፣ ይቅርታ ጠየቀ። አሁን ስልኩን ተረኛ ሲስተር ቤቷ ይዛው ነው የምታድረው፣ ሞክሬዋለሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቷል። ዋጋው ከሰፈሩ ከፍ ይላል፣ የኮንሰንትሬተሩ ኪራይ በተለይ፣ ግን የማያስፈልግ ምርመራ አንድም አላዘዙብንም። ከ5ቱ 4 እሰጣለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለደረጃውና ለዛች ሌሊት ነው።

አባዬ አሁን ጨረሩን ጨርሷል፣ ካንሰሩ አለ፣ ግን ጫማውን ራሱ ያስራል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይሄዳል። እብጠቱ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል፣ ያኔ ሁለተኛ ሌዘር ይባል ይሆናል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ እንደሚያሰጋ አሁን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ትንፋሹ ሳይብስ በሲቲ ነው የሚከታተሉት።

መሄድ የምትፈልጉ ዶክተሩ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው ያለው፣ ጠዋት 1:30 ላይ ካርድ ካወጣችሁ ከምሳ በፊት ትገባላችሁ፣ ባጃጅ እስከ በሩ ያደርሳችኋል፣ በክረምት ጭቃው ያስቸግራል ቦቲ አድርጉ። የኛ ቀጣይ ሲቲ ከ15 ቀን በኋላ ነው፣ ፌስታሉን ከነመድኃኒቱ በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።